ጭሱን እያየን ዝም የምንለው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1968 ላታኔና ዳርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን አንድ ሙከራ ይፋ አደረጉ። ተማሪ ቅጽ እየሞላ ሳለ ወደ ክፍሉ ጭስ ለቀቁ። ብቻቸውን ከነበሩት ከ100 75ቱ ወጥተው ተናገሩ። አውቀው ዝም ከሚሉ ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን የተናገረው ከ10 አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ እየሳሉ፣ ዓይናቸውን እያሹ ቅጻቸውን ሞሉ።

ውድ አንባቢያን! ይህ ነገር ለእኛ ለገደብ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስለ ቡና ዋጋ ስናወራ እንውላለን። ዝናቡ ወቅቱን መሳቱን ሁሉም በየጓሮው አይቷል፤ ጎረቤት ዝም ካለ ግን እኛም ዝም ነው። አንዱ ደፍሮ ቢያነሳው «ቀደር ነው» ይባልና ወሬው ይዘጋል። በቀደር እናምናለን፤ ነገር ግን ልጃችን ሲታመም «ቀደር ነው» ብለን ቤት አንቀመጥም፤ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።

ልምላሜያችንም ያዘናጋናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የእኛ እንሰትና የቡናችን ጥላ ዛፍ ስላልደረቀ «የቆላ ጉዳይ ነው» አልን። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን አስቀድሞ ካልተሠራበት፣ ከሀገራችን የቡና መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል።

በቅርቡ ተማሪዎቻችንን፣ «በልጅነታችሁ ቡና የሚያብበው በየትኛው ወር ነበር ብላችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁ» አልናቸው። አንዱ በማግሥቱ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው መጣ። አባቱ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለው ከዒሻ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወሩት አምሽተዋል።