ልብ ከማን ትዕዛዝ ይቀበላል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ እንግዳ፣ ኮሶዬ ላይ ከመኪና ወርዶ ገደሉን ለማየት ጥቂት ዳገት ሲወጣ ልቡ ይደልቃል። ከቆላ የመጣ ከሆነ «ልቤ ታሟል» ብሎ ይደነግጣል። ጤነኛ ሰው ላይ ግን ይህ ሕመም አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ አንገት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የኦክስጅን ማነስን ለአንጎል ያሳውቃሉ፤ ከዚያ የሚነሱ ነርቮችም ልብ እንዲፈጥን ይገፋፉታል። የአገሬው ሰው ነገር ሌላ ነው። በስሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የነዋሪዎቹ ደም የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ለዚያ ከፍታ የሚያስገርም ቁጥር ነው።

ነርቮች ልብን ይገፋፉታል፤ መገፋፋት ግን ማዘዝ አይደለም።

«ልብ የሚመታው አንጎል በየምቱ እያዘዘው ነው» የሚለው እምነት የተማረውም ዘንድ አለ። ለበዓል በሬ ሲበለት የቆመ ሰው ማስተባበያውን ሳያይ አይቀርም፤ ከደረት የወጣ ልብ ለጥቂት ጊዜ ይኮማተራል። በንቅለ ተከላ የገባ ልብም ነርቮቹ ተቆርጠው ይመታል፤ እንዲያውም የሚያዘገየው ነርቭ ስለሌለ ፈጠን ይላል።

ምቱ የሚነሳው ከራሱ ከልብ፣ በቀኙ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ካለ ሳይነስ ኖድ ከሚባል የሕዋሳት ስብስብ ነው። ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ሕዋሳቱ ሲገቡ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዕረፍት ላይ ባለ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ። መልእክቱ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ካኮማተረ በኋላ በላይኞቹና በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ባለ ጣቢያ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይዘገያል። መዘግየቱ ጥቅም አለው፦ የታችኞቹ ክፍሎች ደም እስኪሞሉ ጊዜ ያገኛሉ። ሳይነስ ኖድ ቢደክም ይኸው መካከለኛ ጣቢያ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ምት እያስነሳ ይተካዋል።

ለልብ ምርመራ ኢሲጂ ሲነሱ «ኤሌክትሪክ ይለቁብኛል» ብለው የሚፈሩ አሉ። መሣሪያው የሚለቀው የለም፤ የሚያነበው የልብን የራሱን ምልክት ነው፣ ያውም ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሺሕኛ ቮልት ገደማ የሆነውን።

ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ ያድነዋል የሚለው ልማድ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ መዘዙ እስከ ልብ ይደርሳልና። ሕመሙን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ፣ እንጥል ተቆረጠም አልተቆረጠም ይቀራል፤ የሚያጠፋው ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ነው። ካልታከመ አንዳንዱ ልጅ ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ተከትሎ የልብን ቫልቭ ያጠባል። ደም የሚጠራቀምበት የላይኛው ክፍል ከዓመት ዓመት ይለጠጣል፤ መልእክቱም መስመሩን ስቶ በደቂቃ ከ350 ጊዜ በላይ ይበታተናል። ክፍሉ ከመኮማተር ይልቅ ይንቀጠቀጣል፣ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ግማሽ አካሉ ሰንፎ ሐኪም ቤት የሚደርስ ወጣት ኢሲጂ ሲነሳ፣ አንዳንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ይኸው መበታተን ነው።