ተጨማሪ መረጃ፦ በባሕር ውኃ የሚለማ ደን

ከምፅዋ በስተደቡብ በምትገኘው የኤርትራ መንደር ሕርጊጎ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ዝናብ ብርቅ ነው። አሜሪካዊው የሕዋስ ተመራማሪ ጎርደን ሳቶ በዚህ የባሕር ዳርቻ በጨዋማ ውኃ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ዛፍ ለማልማት ሲነሡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ዛፉ በራሱ የሚበቅለው ወቅታዊ ጎርፍ ወደ ባሕሩ በሚገባባቸው ቦታዎች ብቻ ነበር።

ማንም ሰው ምስጢሩ ጨው አልባው ውኃ ነው ብሎ ያልፍ ይሆናል። ሳቶ ግን ጎርፉ ጠርጎ የሚያመጣውን ማዕድን ጠረጠሩ፤ የባሕር ውኃ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ያጥረዋልና። መፍትሔው ለማመን እስኪያስቸግር ድረስ ቀላል ነው። ማዳበሪያ የተሞላች ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት በጥቂቱ ትበሳና ከቁራጭ ብረት ጋር ከችግኙ አጠገብ ትቀበራለች። ማዳበሪያው በአንዴ ታጥቦ ሳይሄድ ቀስ እያለ ሥሩን ይመግባል።

የመንደሩ ሴቶችም በተከላው ተሰማርተው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች በቅለዋል። ቅጠሉና ፍሬው ለበግና ለፍየል መኖ ይሆናል (ግመልም ስለሚወደው ችግኙን መጠበቅ ግድ ነው)፤ በሥሮቹ መካከል ደግሞ የዓሣ ጫጩቶችና ሸርጣኖች ይጠለላሉ።

ሥራው በ2002 እ.ኤ.አ. ለሳቶ የሮሌክስ ሽልማትን አስገኝቷል። ፕሮጀክቱ ማንዛናር ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሳቶ በጃፓናዊ ዘራቸው ምክንያት ከታሰሩበት የካሊፎርኒያ ካምፕ ነው።