ለሙከራ የሚዘጋ መንገድ

የሰፈር መንገድ መዝጋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ሲደርስ የዕድሩ ድንኳን ይመጣል። ኮብልስቶን ካስማ ስለማያስገባ ገመዱ ከአንዱ የአጥር ብረት ወደ ማዶ መብራት እንጨት ተወጥሮ ይታሰራል። በሁለቱም በኩል ድንጋይ ይደረደራል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር በአግድም ይቀመጣል፣ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ባለባጃጁ ብቅ ብሎ ያያል፣ ነፍስ ይማር ብሎ ያዞራል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ እንኳ ሳያጉረመርም የኋላ ማርሽ ያስገባል። ሠርግ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጡሩንባው ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ከተማው አይቆምም፣ ሹፌር ሁሉ ዞሮ የሚሄድበት አያጣም፣ የሰፈሩ ልጆችም ከድንኳኑ ማዶ ባለው ባዶ መንገድ እንደልባቸው ይሮጣሉ። ድንኳኑ ሲነሳ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ምን ተሻለ፣ ምን ባሰ ብሎ የጻፈ ሰው ግን የለም።

እዚህ የማስተዋውቃችሁ አሠራር ይህንኑ ነገር ሐዘንም ደስታም ሳይጠብቅ፣ ቆጥሮና መዝግቦ የሚያደርግ ነው። የሚፈለገው የመኖሪያ ሰፈርን ውስጥ ለውስጥ እያቋረጠ የሚያልፈውን መኪና መቀነስ ነው። አቋራጭ መኪና የሚባለው ሰፈሩ ውስጥ ቤት የሌለው፣ ዕቃ የማያራግፍ፣ ሰው የማይጠይቅ፣ ዋናው አስፋልት ስለተጨናነቀበት ብቻ በሰው ደጅ የሚነጉደው ነው። መንገዱ ለጥቂት ወራት በጊዜያዊ ዕቃ ይዘጋል፤ በአሸዋ የተሞላ በርሜል፣ የሲሚንቶ ብሎኬት፣ አበባ የተተከለበት ገንዳ፣ ያለው ሁሉ ይሆናል። ከዚያ ይታያል። ካልሠራ በአንድ ጠዋት ይነሳል።

ብዙ ሰው መንገድ ይዘጋል ሲባል ቤቱ መድረስ የሚከለከል ይመስለዋል። የሚዘጋው ግን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜም መሀል ላይ። በሰሜን በኩል የሚኖር በሰሜን ይገባል፣ በደቡብ በኩል ያለ በደቡብ። ውሃ የሚያመጣ ቦቴ፣ ዕቃ የሚያወርድ አይሱዙ፣ እንግዳ የያዘ መኪና ሁሉም ደጅ ድረስ ይደርሳል። የማይቻለው በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ መውጣት ነው። እግረኛና ብስክሌት ግን በበርሜሎቹ መሀል ያልፋሉ።

ሐዋሳ ለዚህ ነገር የተመቸችም የተቸገረችም ከተማ ናት። በፕላን የተቆረቆረች በመሆኗ መንገዶቿ ቀጥ ቀጥ ያሉና እርስ በርስ የሚገናኙ ናቸው፤ ሜዳ ስለሆነችም ብስክሌት ከጥንት ጀምሮ ይወዳታል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አገር አቋራጭ መንገድ በከተማዋ ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆነች፣ ከዚያ በፊትም በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆባታል። ሰውና ተሽከርካሪው በዚያው ልክ ጨምሯል። እርስ በርስ የተገናኘ መንገድ ጥሩነቱ አንዱ ሲጨናነቅ በሌላው መሄድ መቻሉ ነው፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ፊት ለፊቱ ሰልፍ ያየ ሹፌር ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ደግሞ ወደ ግራ ታጥፎ፣ የሰው ሰፈር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

ኮብልስቶኑም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ለብዙ ወጣት እንጀራ የሆነው፣ ጭቃና አቧራን ያስቀረው ያ ድንጋይ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ድሮ ጎድጓዳው ራሱ መኪና ይመልስ ነበር። መንገዱ ሲስተካከል አቋራጭ ፈላጊውም አብሮ መጣ። ነዋሪው የሚያውቀው መፍትሔ ብሬከር ነው፤ አንዳንዱ ሲሚንቶ ለምኖ፣ አንዳንዱ አፈር ቆልሎ በገዛ እጁ ይሠራል። ብሬከር ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ የሚያልፈውን መኪና አያስቀርም፤ እንዲያውም በየብሬከሩ የሚያንቋርረው ሞተር ለደጃፉ ባለቤት ሌላ ጣጣ ነው።

መንገድ የመዝጋት ሐሳብ ተፈትኖ የታየባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። እኔ ከሁሉም የኔዘርላንዷን ኽሮኒንገንን አስበልጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከተማዋ መሀሏን በአራት ከፈለችና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በመኪና በቀጥታ መሻገርን ከለከለች። መሻገር የፈለገ ወደ ቀለበት መንገዱ ወጥቶ ዞሮ ይግባ ተባለ። በእግርና በብስክሌት ግን እንደ ድሮው ቀጥታ ነው። ነጋዴው ጮኸ፣ ከሰርን አለ። ሥርዓቱ ግን ጸንቶ ቀረ፣ ኽሮኒንገንም ዛሬ በብስክሌት ከታወቁት የዓለም ከተሞች አንዷ ናት። ግንብ አልተገነባም፣ ድልድይ አልተዘረጋም፤ የተለወጠው የመኪናው መዞሪያ ነው።

ከዚያም በፊት ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል የከተማ አጥኚ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚመሳሰሉ ሦስት መንገዶችን መርጦ ነበር። በአንዱ በቀን ወደ 2,000፣ በሁለተኛው ወደ 8,000፣ በሦስተኛው ወደ 16,000 ተሽከርካሪ ያልፋል። ነዋሪዎቹን በመንገዳችሁ ስንት ወዳጅ አላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። መኪና በማይበዛበት መንገድ አንድ ሰው በአማካይ ሦስት ወዳጅ ሲኖረው፣ መኪና በሚጎርፍበት ግን አንድም አይሞላም ነበር። ማዶ ለማዶ ቡና ለሚጠራራ ሕዝብ ይህ ቁጥር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የተባረረው መኪና ወዴት ይሄዳል? መንገድ ይዘጋ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፣ መነሳቱም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት በ11 አገሮች የተዘጉ ወይም የጠበቡ 70 ያህል መንገዶችን መርምሮ ነበር። የተለወጠው መንገድና በዙሪያው ያሉት አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ ቀድሞ ይሄድ ከነበረው ተሽከርካሪ በአማካይ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው የትም አልተገኘም። በግማሾቹ ቦታዎች ግን የጠፋው ከ11 በመቶ አይበልጥም። አንዳንዱ ሰዓቱን ቀይሯል፣ አንዳንዱ በእግሩ ሄዷል፣ አንዳንዱ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ጨርሷል። ይህ ማለት ግን ዋናው መንገድ ላይ ምንም አይጨመርም ማለት አይደለም። በለንደን ዎልትምስቶው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2014 ለሙከራ፣ በኋላም በቋሚነት ሲዘጋ፣ በውስጥ መንገዶቹ የሚያልፈው መኪና ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ በዙሪያው ባሉት አንዳንድ መንገዶች ግን ትንሽ ጨመረ። በምረቃው ዕለት ተቃዋሚዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ሰልፍ ወጥተው ነበር፣ ንግዳችን ሞተ ለማለት። የእኛ አገር ባለሱቅ እንዲህ ያለ ሟርት የሚደፍር አይመስለኝም።

በአገራችን ለዚህ የቀረበው ነገር ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅት ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በወሩ መጨረሻ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጉና ሰው ስፖርት ይሠራበታል፣ ሕፃናት ብስክሌት ይለማመዱበታል። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ደግሞ መስቀለኛው መንገድ በቀለምና በቀላል መከለያ ጠበብ ተደርጎ፣ ለእግረኛው ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቶ ተሞክሯል። የመጀመሪያው ጨዋታና ጤና ነው፤ የእሑድ ጠዋት ባዶ መንገድ ስለ ሰኞ ጠዋት የሚነግረን ብዙ ነገር የለም። የለገሃሩ ግን በርካሽ ዕቃ ጀምሮ፣ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ቋሚው መሄድ እንደሚቻል ያሳየ ነው፤ ለሰፈር መንገድ የሚጠቅመን እሱ ነው።

ቡሹሎን እንውሰድ። በሐዋሳ ደቡብ በኩል፣ ከሐይቁ ዳር ያለ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጤና ተቋሙ ስሙ የሚነሳ አካባቢ ነው። እዚህ የውስጥ መንገድ ይዘጋ ቢባል በርሜሉ ከመቀመጡ በፊት መታሰብ ያለበት ምጥ የያዛት ሴት ናት። ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ አይነካም፤ የሚዘጋው ነጥብ ወደዚያ ከሚያደርሰው መስመር ወጣ ብሎ ይመረጣል። አምቡላንስና እሳት አደጋ ማለፍ ካለባቸው መሀሉ ላይ ቁልፍ ያለው ተነቃይ ብረት ይደረጋል፣ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን ሾፌሮቹ ዘንድ ይቀመጣል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ራስ ምታት ባጃጅ ነው። ባጃጅ ወርዱ 1.3 ሜትር ያህል ነው፤ ቪትዝ ደግሞ 1.7 ሜትር ይጠጋል። በበርሜሎቹ መሀል 1.5 ሜትር ክፍተት ከተተወ ቪትዙ ይቀራል፣ ባጃጁ ሽው ብሎ ያልፋል። ክፍተቱ 1.1 ሜትር ከሆነ ባጃጁም ይቀራል፤ እግረኛ፣ ብስክሌትና ተሽከርካሪ ወንበር ግን ያልፋሉ። ይህች አርባ ሳንቲ ሜትር የሙከራውን ዕጣ ትወስናለች። ባጃጅ የብዙ ሰው ታክሲ ነው፣ የብዙ ወጣትም እንጀራ። እውነቱን ለመናገር ግን በሐዋሳ የውስጥ መንገድ ባጃጅን አሳልፎ መኪናን ብቻ መከልከል ዝናቡን ትቶ ካፊያውን እንደ መጠለል ነው። የእኔ ሐሳብ ባጃጁም እንዲቀር፣ ግን በበርሜሉ ግራና ቀኝ ማቆሚያ እንዲሰጠው ነው። ተሳፋሪው እዚያ ወርዶ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ፣ ከማዶ በኩል ሌላ ይይዛል። ሞተር ብስክሌት በየትኛውም ክፍተት ይሾልካል፤ እሱን ትራፊክ ፖሊስና የሰፈሩ ሽማግሌ ይነጋገሩበት።

ሙከራ የሚያሰኘው ግን በርሜሉ አይደለም፣ ቆጠራው ነው። ከመዘጋቱ በፊት በሥራ ቀን፣ በገበያ ቀንና በእሑድ የሚያልፈው ይቆጠራል፤ አንድ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ቢቀመጥ ይበቃል። ከተዘጋ በኋላ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት እንደገና ይቆጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥር አይታመንም፣ ሹፌሩ ገና አልለመደም፤ ገብቶ ይመለሳል፣ ይሳደባል። ክረምትም በጋም ቢታይበት ይመረጣል፤ ደረቅ ሳለ ቀላል የመሰለው መዞሪያ በሐምሌ ጎርፍ ሊሆን ይችላልና። እንግሊዞች ለእንዲህ ያለ ሙከራ ከ18 ወር ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራትም ተቃውሞ በጽሑፍ ይቀበላሉ። ጊዜው ባይገጥመንም ማብቂያ ቀኑ ከመጀመሪያው ተነግሮ መለጠፉ ግድ ነው። ማብቂያው ያልተነገረ ሙከራ በሰፈርተኛው ዓይን ውሳኔ ነው።

ስብሰባ ሲጠራም የተዘጋው መንገድ ነዋሪ ብቻ አይጠራ። እሱ ደጁ ጸጥ ስላለለት እጁን ያነሳል። መኪናው ዞሮ የሚመጣበት የሁለተኛው መንገድ ነዋሪ፣ ደጃፉ ላይ ድንች ዘርግታ የምትሸጠው እናት፣ ማዞሪያው ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ባለባጃጅ አብረው ይቀመጡ። ቆጣሪውም በእነሱ መንገድ ላይ ይቀመጥ፤ የዚያ መንገድ ቁጥር ከፍ ካለ በርሜሉ ሌላ ነጥብ ላይ ይሞከራል፣ ለማዛወር አንድ ጋሪና አራት ጎረምሳ ይበቃል።