ስለ ደብረ ዳሞ ገዳም ታሪክና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አሠራር

ከአሥመራ ተነሥቶ በዓዲ ቀይሕና በሰንዓፌ አልፎ ወደ ዓዲግራት የሚወርደው መንገድ ለብዙ ዘመን የነጋዴ መንገድ ሆኖ የኖረ ነው። ከዓዲግራት ወደ ዓድዋ ለሚሄድ መንገደኛ በስተ ሰሜን በኩል ዙሪያውን በገደል የተከበበ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ አንድ አምባ ይገኛል። ይህ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን ስሙም ደብረ ዳሞ ይባላል።

አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ታዝለው ወደ አምባው እንደ ወጡ የሚነገረውን ታሪክ ከአንባቢዎቻችን ያልሰማ አይገኝም። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ግን እምብዛም የሚናገር የለም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

በገዳሙ ትውፊት መሠረት አቡነ አረጋዊ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ሲሆኑ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራላቸው የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ነው፤ ዘመኑም 6ኛው መቶ ዓመት መሆኑ ነው። ንጉሡ ለሥራው ማውጫ የሚሆን መወጣጫ አሠርቶ ነበር ይባላል። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ መወጣጫው እንዲቀር ቢጠየቁ ቅዱሱ «ዳሕምሞ» አሉ፤ ይኸውም «አፍርሰው» ማለት ነው። የአምባው ስም ከዚህ ቃል እንደ ተወለደ የገዳሙ ሊቃውንት ያስተምራሉ።

መወጣጫው ስለ ፈረሰ ወደ ላይ የሚወስደው ገመድ ብቻ ሆነ። ገመዱ ከቆዳ የተገመደ ነው፤ አንዱን ወጪው በእጁ ይዞ በእግሩ ገደሉን እየረገጠ ይወጣበታል፤ ሁለተኛው በወገቡ ታስሮ ከላይ ያለው መነኩሴ ይስበዋል። በገመድ የሚወጣው ገደል ወደ 15 ሜትር ይሆናል። ሴት ወደ አምባው አትወጣም፤ እንስት የሆነ እንስሳም እንዲሁ። ሴቶች ምእመናን ከገደሉ ግርጌ ሆነው ተሳልመው ይመለሳሉ። በላይ የመነኮሳቱ ቤቶች፣ ከዐለት ተፈልፍለው የክረምት ዝናም የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶችና የአቡነ አረጋዊ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በመጠኑ ትልቅ አይደለም፤ ርዝመቱ ወደ 20 ሜትር፣ ወርዱም ወደ 10 ሜትር ቢሆን ነው። ዋጋው ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ግንበኛው በመጀመሪያ ያልተጠረበ ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ እያያያዘ ጥቂት ክንድ ያህል ይክብና በላዩ ላይ በግድግዳው ርዝመት ልክ አግዳሚ እንጨት ያጋድማል። ይህ እንጨት በውስጥም በውጭም በኩል ይደረጋል። ሁለቱ እንጨቶች እንዳይላቀቁ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ወግተው የሚያልፉ አጫጭር ድቡልቡል እንጨቶች ያስራቸዋል። ከዚያ እንደ ገና ድንጋይ፣ እንደ ገናም እንጨት እየተደራረበ ግድግዳው እስከ ጣራው ይደርሳል። ኖራ በሌለበት ሥራ ድንጋዩን አንድ አድርጎ የሚይዘው ይህ የእንጨት ማሰሪያ መሆኑን ልብ ይሏል።

የአጫጭሮቹ እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ብሎ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የውጭ አገር ሊቃውንትም ስሙን ወደየቋንቋቸው መልሰው በመጽሐፎቻቸው ይጽፉታል፤ ባለ ሙያው በቀልድ ያወጣው ስም በሊቃውንት ጉባኤ ሲከበር ማየት ለተርጓሚ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ግድግዳው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እየገባና እየወጣ የተሠራ ስለ ሆነ ጥላና ብርሃን ይፈራረቁበታል።

በውስጥ በኩል ጣራውን የተሸከሙት አንድ ወጥ ድንጋይ የሆኑ ዓምዶች ናቸው። ከእነርሱ በላይ ብርሃን የማያስገቡ፣ ለጌጥ ብቻ የተደረጉ የእንጨት መስኮቶች በተርታ ተደርድረዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው የመግቢያው ክፍል ኮርኒስ ነው። ኮርኒሱ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ሲሆን በየማዕዘኑ በገባው ሣንቃ ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ ሚዳቋ፣ እባብና ሌላም አውሬ ተቀርጾበታል። ዛሬ የቆመው ሕንጻ ከየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ከአክሱም መንግሥት ዘመን፣ ሌሎቹ ወደ 10ኛው ወይም ወደ 11ኛው መቶ ዓመት ያደርሱታል። በየጊዜው የታደሰ ቤት እንደ መሆኑ መጠን ሁለቱም ወገኖች እውነት ሊኖራቸው ይችላል።

አክሱም ሄዶ ሐውልቶቹን ያየ ሰው በድንጋዩ ላይ መስኮት፣ መዝጊያ፣ አግዳሚ እንጨትና ክብ ክብ የሆነ የእንጨት ጫፍ ተቀርጾ አይቷል። ጠራቢው የቀረጸው በዘመኑ የነበረውን የነገሥታት ቤት መልክ ነው። ያ ሁሉ የነገሥታት ቤት ፈርሶ መሠረቱ ብቻ ቀረ። በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ሠራተኞችም ያንኑ መልክ ከዐለት ፈለፈሉት። በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስም የዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ የአክሱም ቤት እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ በእንጨቱና በድንጋዩ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ደብረ ዳሞ ነው።

ነጋዴዎች አንባቢዎቻችንን በተለይ የሚነካ አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። በ1940 ኢጣሊያዊው ሊቅ አንቶኒዮ ሞርዲኒ በደብረ ዳሞ ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ገንዘቦች መገኘታቸውን አረጋገጠ። ገንዘቦቹ በሰሜን ሕንድና በአፍጋኒስታን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያስመቷቸው ናቸው፤ የመጨረሻዎቹም ከ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አያልፉም። በስፍራው የዐረብ ኸሊፎች ገንዘብና ከግብፅ የመጣ የጨርቅ ቁራጭም ተገኝቷል። የሕንድ ወርቅ ወደዚህ ደጋ የሚደርሰው በባሕር ተሻግሮ ነውና የአዱሊስ ወደብ የዚያን ጊዜ ሥራው ምን ያህል የሰፋ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። ገዳሙ ከመመሥረቱ በፊት ወርቁን በአምባው ላይ ያኖረው ማን እንደ ሆነ ግን ገንዘቡ አይናገርም።

አምባው በመከራ ጊዜ መጠጊያም ነበረ። ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ጦር ተሰደው ሲንከራተቱ ኖረው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ፤ በዚያም ተቀበሩ። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም በዚያው ተጠግተው ነበር። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመራው 400 የፖርቱጋል ወታደር ከምፅዋ ወጥቶ በባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ረዳትነት ደጋው ላይ ሲደርስ እቴጌይቱ ከአምባው ወርደው አብረው ዘመቱ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ምንኵስናን የተማሩት በዚሁ ገዳም ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የጥናት ቡድን በ1906 ወደ አክሱም በመጣ ጊዜ ሁለት የእንጨትና የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኖችን ለክቶ በመጽሐፉ አወጣ። አንደኛው ይህ የደብረ ዳሞ ነው። ሁለተኛው በአሥመራ ከተማ የነበረው ጥንታዊው የእንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እርሱም የዝንጀሮ ራስ ያለበት፣ በአክሱም ሥርዐት የተሠራ ነበር። የአሥመራው ከዚያ በኋላ ፈርሶ በስፍራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። አዲሱ ሰፊና ያማረ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን አሮጌው የፈረሰው ዕድሜው ስለ በዛ ብቻ ከሆነ የደብረ ዳሞውም ከርሱ አያንስም ነበር።

የደብረ ዳሞው ዕድል ሌላ ሆነ። በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ማቲውስ የተጎዳውን ክፍል ፈትቶ በዚያው በቀድሞው አሠራር መልሶ ሠራው፤ ከሞርዲኒ ጋር ሆኖም በ1959 ስለ ሕንጻው የተሟላ ጽሑፍ አሳተመ። እንጨት ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ግን አይበሰብስም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግድግዳ በየትውልዱ እየተፈታ አሮጌው እንጨት በአዲስ ካልተለወጠ ጭቃው ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ለዚህ የሚሆን እንጨት ከታች ወደ አምባው መድረስ ያለበትም በገመድ እየተሳበ ነው።

በ2021 በትግራይ በተደረገው ጦርነት ገዳሙ በከባድ መሣሪያ እንደ ተመታና የመነኮሳቱ ቤቶች እንደ ፈረሱ ተዘግቧል። ጥገናውን የሚይዘው ባለ ሥልጣን ማንም ቢሆን የማቲውስ ልኬትና ሥዕል ታትሞ ስለሚገኝ የእያንዳንዱን እንጨት ስፍራ ከዚያ ሊያገኝ ይችላል። የአሥመራው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በር በየት በኩል እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን የ1906ቱን ጀርመኖች መጽሐፍ ከመግለጥ በቀር ሄዶ የሚያየው ግድግዳ የለውም።