የታመመ ሰው ከመጠየቃችን በፊት

የታመመን መጠየቅና ለቅሶ መድረስ ከአባቶቻችን የወረስነው ደግ ሥራ ነው። በሺምሾን ሰፈርም ሰው የታመመበት ቤት በጠያቂ ይሞላል። ኮሮና በ2020 ወደ እስራኤል ሲገባ ግን ይህ ልማዳችን ተፈተነ። በማርች 2020 መጨረሻ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ከ100 ሜትር በላይ መራቅ ተከለከለ። የፋሲካን ሴዴር እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ለብቻው አከበረ። ክትባቱ በዲሴምበር 2020 ተጀመረ። ዛሬ እገዳዎቹ ተነስተዋል፤ በሽታው ግን አልጠፋም።

እንዴት ይተላለፋል?
የያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጣው ትንፋሽ ይተላለፋል። ምልክቱ ያልታየበት ሰውም ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ብዙ ሆኖ ቡና መጠጣት አደጋ አለው። በሽታው በሽማግሌዎች፣ የስኳርና የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይጠናል።

ምን እናድርግ?
• ሳል፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ካለባችሁ አትሂዱ፤ በስልክ ጠይቁ።
• ወደ ባርዚላይ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት የመጠየቂያውን ሰዓትና የሚፈቀደውን የጠያቂ ብዛት አጣሩ።
• እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ መስኮት ክፈቱ፤ ከታማሚው ጋር መሳሳም ይቅር።
• ስለ ክትባት የቁፓት ሆሊም ሐኪማችሁን አማክሩ።
• ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ሳትዘገዩ ወደ 101 ደውሉ።

የታማሚው ቤተሰብ «ዛሬ አትምጡብን» ቢል አንቀየም። መቅረታችን ንቀት ሳይሆን ሽማግሌዎቻችንን መጠበቅ ነው።

ጤና ይስጥልን።