«ትዊተር»፦ ከወፍ ጫጫታ ወደ ኩባንያ ስም

«ትዊተር» በዓለም ዙሪያ የታወቀው በማኅበራዊ መገናኛ ስምነቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ከኩባንያው ከ600 ዓመታት በላይ ይቀድማል። መነሻ ትርጉሙ የትንንሽ ወፎች ቀጭን፣ አጫጭርና ተከታታይ ድምፅ ነው።

ቃሉ የተፈጠረው ድምፁን ራሱን በማስመሰል ነው። ጀርመንኛም ለዚሁ ድምፅ «ትስቪትሸርን» የሚል ተዛማጅ ግሥ አለው። በእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ያለው «ኧር» የድርጊትን መደጋገም ያመለክታል፤ አማርኛ ደግሞ ይህንኑ መደጋገም ፊደልን በመድገም «ተንጫጫ»፣ «ተንኳኳ» እያለ ይገልጸዋል።

ከጥንታዊዎቹ የቃሉ ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው በእንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ጽሑፍ ነው። ቾሰር በ1380ዎቹ ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ በ6ኛው መቶ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የጻፈውን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ተይዛ የተዘጋባት የዱር ወፍ አለች፤ ማርና የተትረፈረፈ ምግብ ቢቀርብላትም ጫካዋን ትናፍቃለች። ቾሰር የናፍቆት ድምፅዋን የገለጸው በዚህ ግሥ ነው።

የወፍ ድምፅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የወፍ ጥናት ባለሙያዎች ዝማሬንና ጥሪን ይለያሉ። ዝማሬ ረዘም ያለና ቅንብር ያለው ነው፤ በብዙ ዝርያዎች ወንዱ በመራቢያ ወቅት ክልሉን ለማስከበርና ሴቷን ለመሳብ ያሰማዋል። ጥሪ አጭር ነው፤ አደጋን ለማስጠንቀቅ ወይም ከመንጋው ላለመለየት ያገለግላል። «ትዊተር» በአብዛኛው የሚባለው የተሰናዳው ዝማሬ ሳይሆን ቀለል ያለው ያልተቋረጠ ጫጫታ ነው። «ትዊት» ደግሞ የአንዲት ትንሽ ወፍ ነጠላ ድምፅ ነው።

ቃሉ በጊዜ ሂደት ከወፍ ወደ ሰው ተሻገረ። ፍሬ የሌለው ወሬና የታፈነ ሳቅ፣ እንዲሁም ከጉጉት ወይም ከፍርሃት የሚመጣ መንቀጥቀጥ በዚሁ ቃል ይጠሩ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሳን ፍራንሲስኮ በነበረው ኦዴኦ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ጃክ ዶርሲ፣ ኖህ ግላስ፣ ቢዝ ስቶንና ኢቫን ዊሊያምስ አዲስ የመልእክት አገልግሎት ጀመሩ። ዶርሲ በኋላ እንዳስረዳው፣ ስም ፍለጋው የተነሣው ከስልክ ንዝረት ነበር፤ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡም ከ«ትዊች» አጠገብ «ትዊተር»ን አገኙ። የወፍ ጫጫታና ክብደት የሌለው አጭር ወሬ በአንድ ቃል መገኘታቸው ለአገልግሎቱ ተስማሚ ነበር፤ መልእክቱ በ140 ሆሄያት የተገደበ ነበርና። ገደቡ በ2017 ለአብዛኞቹ ቋንቋዎች ወደ 280 ከፍ ብሏል። የአገልግሎቱ ዓርማም ወፍ ሆነ፤ የሚለጠፈው መልእክት ደግሞ «ትዊት» ተባለ።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን አዲስ የ«ትዊት» ትርጉም በ2013 መዘገበ። አዲስ ቃል ቢያንስ 10 ዓመት በአገልግሎት ላይ እንዲቆይ የሚጠብቀውን ልማዱን የተወውም ለዚህ ቃል ነበር።

ኢሎን መስክ ኩባንያውን በጥቅምት 2022 ከገዛ በኋላ፣ በሐምሌ 2023 ስሙ ወደ «ኤክስ» ተለውጦ የወፉ ዓርማ ተነሣ። «ትዊት» ግን ዛሬም በመዝገበ ቃላት ውስጥ የወፏንም የመልእክቱንም ትርጉም ይዞ ይገኛል።