ከማን ነው የምንሰወረው? ቶር፣ አይቱፒ እና ፍሪኔት

በታኅሣሥ 2013 አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈተና እንዲቀርለት ብሎ በግቢው ሕንጻዎች ውስጥ ቦምብ ተጠምዷል የሚል ኢሜይል ላከ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መልእክቱ የተላከው ማንነትን በሚሰውረው በቶር መረብ በኩል ስለነበር ከራሱ ከኢሜይሉ ተነስቶ ላኪውን ማግኘት አልተቻለም። መርማሪዎቹ ግን ቶርን መስበር አላስፈለጋቸውም። ዛቻው ከመላኩ በፊት በነበሩት ሰዓታት በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ወደ ቶር የገባው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ መዝገቡ ወደ ተማሪው መራቸው። ሲጠየቅም አመነ።

ዛቻ ወንጀል ነው፤ በመያዙ የሚያዝን የለም። ታሪኩን ያነሳሁት ሦስቱን የመሰወሪያ መረቦች፣ ቶርን፣ አይቱፒን እና ፍሪኔትን፣ ስናወዳድር ብዙ ጊዜ የምንዘለውን ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። «ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ ይሰውራል?» የሚለው ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ሳይቋጭ የቆየው፣ የሚሰወረው ምን እንደሆነና ከማን እንደሚሰወር አስቀድሞ ስለማይጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ቶር የተማሪውን አድራሻ ኢሜይሉ ከደረሳቸው ሰዎች ሰውሯል። ቶርን መጠቀሙን ግን የኢንተርኔት መስመሩን ከሰጠው ዩኒቨርሲቲ አልሰወረለትም፤ ተቀላቅሎ የሚጠፋበት በቂ ሕዝብም በዚያ መስመር ላይ አላገኘም።

በብዙዎች መካከል ተቀላቅሎ የመሰወር ሐሳብ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የምስጠራ ሊቅ ዴቪድ ቻውም በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመልእክቱን ይዘት ብቻ ሳይሆን ማን ለማን እንደጻፈም መደበቅ እንደሚቻል አሳየ፤ መልእክቶቹ በመካከል ባሉ ኮምፒውተሮች ተጠራቅመው፣ ተደበላልቀውና ቅደም ተከተላቸው ተቀይሮ ይወጣሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ባልደረቦች የነበሩት ፖል ሲቨርሰን፣ ማይክል ሪድ እና ዴቪድ ጎልድሽላግ ተመሳሳይ ሐሳብን ድረ ገጽ ለመክፈት ለሚያስፈልገው ፈጣን ግንኙነት እንዲመች አድርገው ቀረጹት። ወዲያው አንድ እውነት ተጋረጠባቸው። ባሕር ኃይሉ ብቻ የሚጠቀምበት መሰወሪያ ከተሠራ፣ ከዚያ የሚወጣ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ በግልጽ ይታወቃል። ስለዚህ መረቡ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆን ነበረበት። በ2002 ሥራ የጀመረው ቶር፣ በሲቨርሰን፣ በሮጀር ዲንግልዳይን እና በኒክ ማቲውሰን እጅ የተወለደው ከዚህ ግንዛቤ ነው።

ቶር የሚልኩትን ነገር እንደ ሽንኩርት ልብስ ሦስት ጊዜ በምስጠራ ጠቅልሎ በሦስት አቀባባይ ኮምፒውተሮች ያሳልፈዋል። የመጀመሪያው እርስዎን ያውቃል፣ የሚሄዱበትን አያውቅም። የመጨረሻው የሚሄዱበትን ያውቃል፣ እርስዎን አያውቅም። የመካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም። አቀባባዮቹ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። የቶር ትልቁ ጥቅም ወደ ተራው ኢንተርኔት ማውጣቱ ሲሆን ትልቁ ድክመቱም እዚያው መውጫው ላይ ነው። በ2007 ዳን ኤገርስታድ የተባለ ስዊድናዊ የደህንነት ባለሙያ ጥቂት መውጫዎችን ራሱ ከፍቶ የሚያልፈውን ሲመለከት፣ የኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኢሜይል ይለፍ ቃሎች ያለ ምስጠራ ሲያልፉ አገኘ። ባለቤቶቹ ቶር ይዘቱንም እስከ መድረሻው ድረስ የሚጠብቅላቸው መስሏቸው ነበር።

በ2003 የተጀመረው አይቱፒ በአመዛኙ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ መረብ ነው። ድረ ገጾቹ፣ ኢሜይሉና ፋይል መለዋወጫው ሁሉ በመረቡ ውስጥ ይኖራሉ። የሚላከውና የሚመጣው በተለያየ መንገድ ይሄዳል፤ መንገዶቹም በየአሥር ደቂቃው ይታደሳሉ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በተለመደው አሠራር የሌሎችንም መልእክት ያቀብላል። ይህ ሸክሙን ለሁሉም ያካፍላል፤ በዚያው ልክ ግን የተሳታፊው የአይፒ አድራሻ በመረቡ ማውጫ ውስጥ ይታያል። ምን እንደሚሠሩ አይታወቅም፤ አይቱፒ ውስጥ መሆንዎ ግን ይታወቃል።

ፍሪኔት ከሁለቱም በጠባዩ ይለያል። ኢያን ክላርክ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1999 ካቀረበው የመመረቂያ ሥራ ተነስቶ በ2000 ለሕዝብ ቀረበ። የድሮው ፕሮግራም ዛሬ ሃይፋኔት ይባላል፤ ስሙ በ2023 ወደ ሌላ አዲስ ፕሮጀክት ተሻግሯል። ቶርና አይቱፒ መንገድ ሲሆኑ ፍሪኔት መጋዘን ነው። አንድ ሰነድ ሲያስገቡ ተቆራርጦና ተመስጥሮ በማያውቋቸው ሰዎች ኮምፒውተሮች ላይ ይበተናል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠበት ሰው ምን እንደተቀመጠበት አያውቅም፤ አሳታሚውም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መሄድ ይችላል። ሰርቨር ስለሌለ የሚወረስ ሰርቨርም የለም። የሚጠየቅ ሰነድ እየተባዛ ይኖራል፤ የሚጠይቀው ያጣ ደግሞ ቦታ ለሌላ ይለቅና ይጠፋል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ለሕዝብ ጉዳይ ጸሐፊ ከሦስቱ እጅግ የሚማርክ ሐሳብ ነው፤ ከሚያውቁት ሰው ጋር ብቻ ተያይዞ ለመሥራት የሚያስችል አማራጭም አለው። ሆኖም ዝግ ያለ ነው፤ ተጠቃሚውም ጥቂት ነው። ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ለሚያያዝ ሰው ሌላም አደጋ አለ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የብራየን ለቪን ቡድን እንዳሳየው፣ ጎረቤት ሆኖ የገባ ኮምፒውተር የሚደርሱትን ጥያቄዎች ብዛት በመቁጠር፣ ጠያቂው ራሱ አውራጅ ይሁን ወይም አቀባባይ በስሌት ሊገምት ይችላል። የአሜሪካ ፖሊሶች የሕጻናት ጥቃት ምስሎችን የሚያወርዱ ሰዎችን ለማግኘት ይህን መንገድ ተጠቅመዋል።

ፋይል መለዋወጥ ላይ ስንደርስ ልዩነቱ በተግባር ይታያል። የፋይል መለዋወጫውን ቢትቶረንትን (ቶረንትን) በቶር ማስኬድ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ነው። የቶረንት ፕሮግራሙ እውነተኛውን የአይፒ አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ራሱ ሊናገር ይችላል፤ ከፊሉ ትራፊክም ቶር የማያስተናግደው ዓይነት ስለሆነ በጎን ይወጣል። የፈረንሳዩ የምርምር ተቋም የኢንሪያ ተመራማሪዎች በ2010 እንዲህ ባሉ ቀዳዳዎች የ10,000 ያህል ቶር ተጠቃሚዎችን አድራሻ አውጥተዋል። የቶር ፕሮጀክትም በዚያው ዓመት ተጠቃሚዎቹን አትሞክሩት ሲል በግልጽ ጽፎ ነበር። ቶረንት የሚፈልግ ሰው ቦታው አይቱፒ ነው፤ ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም አብሮት ይመጣል። ለአንድ ሰው አንድ ሰነድ በምስጢር ለመስጠት ደግሞ ማይካ ሊ በ2014 የሠራው ኦኒየንሼር ይበቃል፤ ፋይሉ የትም ሳይቀመጥ በቶር ውስጥ ከላኪው ኮምፒውተር በቀጥታ ለተቀባዩ ይደርሳል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀደም ብላ ትገኛለች። በግንቦት 2012 የቶር ፕሮጀክት እንዳስታወቀው፣ በወቅቱ የአገሪቱ ብቸኛ የኢንተርኔት አቅራቢ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም የእያንዳንዱን ግንኙነት አሻራ የሚመረምር ቴክኖሎጂ ተጠቅሞ ቶርን አገደ። የተመሰጠረውን መክፈት አላስፈለገውም፤ የቶር ግንኙነት ሲጀመር የሚያሳየው ቅርጽ በቂ ነበር። መልሱም ቅርጹን የሚያጠፋ መሸፈኛ ሆነ። በ2014 ደግሞ የዞን 9 ጦማሪያን ሲከሰሱ ስለ ዲጂታል ደህንነት መሠልጠናቸው በክሱ ውስጥ ተጠቅሷል። ራስን መጠበቅ ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጠረ ማለት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ሊያሳስበን ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ግን አብዝቶ የሚያስተምረኝ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ጉዳይ ነው። በ2014 መጀመሪያ የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እንዳጋለጠው፣ በውጭ አገር ለሚሠሩት ለእነዚህ ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላኩ፣ ተራ ሰነድ የሚመስሉ ፋይሎች ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራውን የስለላ ፕሮግራም ይዘው ነበር። በ2015 የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ሾልከው ሲወጡ፣ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር ታየ። ቶር፣ አይቱፒ ወይም ፍሪኔት የሚጠብቁት መንገዱን ነው። ሰላዩ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቀመጠና የቁልፍ ሰሌዳውን ካነበበ መንገዱ ቢመሰጠር ምን ይጠቅማል? ፋይል የሚለዋወጥ ሰው በየትኛው መረብ እንደሚልክ ከማሰቡ በፊት የመጣለትን ፋይል እንዴት እንደሚከፍት ቢያስብ ይሻለዋል።

እነዚህ መረቦች የአደንዛዥ ዕፅ ገበያም፣ ከዚያ የከፋም ነገር አስተናግደዋል። ይህን ማድበስበስ አይገባም። በ2013 የተዘጋው የዕፅ ገበያ ሲልክ ሮድ ይሠራ የነበረው በቶር ውስጥ ነው። ሆኖም ባለቤቱ ወደ መያዝ የደረሰው በጅማሬው ላይ በራሱ ኢሜይል አድራሻ በጻፈው ነገር ጭምር ነበር። ወንጀለኛው በራሱ ስሕተት ሲያዝ ደጋግመን አይተናል፤ መረቡ ቢታገድ ግን የሚጋለጡት ጋዜጠኛው፣ ምስጢር አውጪውና ከሚያሳድዳት ባል የሸሸችው ሴት ናቸው። ስለዚህ እነዚህ መሣሪያዎች ሕጋዊ ሆነው ይቆዩ ባይ ነኝ።

መስመሩ ጨርሶ ሲቆረጥ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ለሳምንታት ሲጠፋ፣ በትግራይም በጦርነቱ ዘመን ሲዘጋ፣ በኢንተርኔት ላይ የሚደረቡት እነዚህ መረቦች የሚደረቡበት ነገር አልነበረም። ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ቶር ብቻ ሲታገድ ግን ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። ስኖውፍሌክ የሚባለው መሸፈኛ ግንኙነቱን የቪዲዮ ጥሪ አስመስሎ፣ ነጻ ኢንተርኔት ባለበት አገር በሚኖር ፈቃደኛ ሰው ብሮውዘር በኩል ያሳልፈዋል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ሰው በብሮውዘሩ ላይ አንድ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ቢጭን ለማያውቀው ሰው መግቢያ ይሆንለታል። ፈቃደኛው መግቢያ እንጂ መውጫ ስላልሆነ፣ ያ ሰው በሚጎበኘው ድረ ገጽ ላይ የፈቃደኛው አድራሻ አይታይም።